የእታለም ቤት እንዳይፈርስ

እጄ አልደረቀም። ይኸው ሠላሳ አንድ ዓመት አለፈው፤ ዛሬም ክር እስብበታለሁ፣ ቆዳ እወጥርበታለሁ፣ ሙጫ እቀባበታለሁ። አውራ ጣቴ ሥር ካለች የወስፌ ጠባሳ በቀር እንከን የለበትም። ልጅ ሳለሁ ግን አባቴ ስለ እጅ የነገረኝን እንደ ስሜ ነበር የማምነው። "የመሐላ መጽሐፍ ላይ እጁን ጭኖ የዋሸ ሰው እጁ እንደ እንጨት ይደርቃል" ይለኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ክንዱ የሰለለ ሰው ባየሁ ቁጥር እጀጌውን ጎተት አድርጌ፣ "አባዬ፣ ይሄ ደግሞ ምን ዋሽቶ ነው?" እያልኩ መግቢያ አሳጣው ነበር።

አባቴ መጽሐፍ ጠራዥ ነበር። የሥራ ክፍሉ የመኖሪያ ቤታችን የፊት ክፍል ስለሆነ ያደግሁት በሙጫና በቆዳ ሽታ ውስጥ ነው። የመዝሙር መጻሕፍት ከጸሎት ቤቱ፣ መዝገቦች ከፍርድ ቤቱ ይመጡለታል። ሁለቱ ሕንፃዎች ከደጃችን ማዶ አንድ ግድግዳ ተጋርተው የቆሙ ናቸው። የፍርድ ቤቱ ዘብ በጸሎት ቀን የጸሎት ቤቱን በር ይጠብቃል፤ ዳኛው ደግሞ ጸሎት ቤት ውስጥ ከፊተኛው ወንበር ላይ አይጠፋም። ስለዚህ ለእኔ ሁለት በር ያለው አንድ ቤት ይመስለኝ ነበር። በልጅነቴ ከተሳሳትኳቸው ነገሮች ሁሉ ለእውነት በጣም የቀረበው ይሄኛው ነው።

እናቴ የሞተችው በሁለት ዓመቴ ነው። ያሳደገችኝ እታለም ናት፤ የአባቴ ታናሽ እህት። እሷንም በተራዋ ያሳደጋት አባቴ ነው፤ ወላጆቻቸው ቀድመው ስላለፉ እናትም አባትም ሆኗታል። "ወንድም ጋሼ" ስትለው ቃሉ ከአፏ የሚወጣው በሙሉ ልቧ ነበር። እኔን ደግሞ "ሙጫ" ብላ ስም አወጣችልኝ፤ ቀሚሷ ላይ ሙጭጭ ብዬ አልላቀቅ ስለምል። ስሙ ቤት ውስጥ ለመደ፤ አባቴም በዚያው ይጠራኝ ጀመር።

እታለም ልብስ ሰፊ ነበረች። ቤቷ ከትምህርት ቤቴ ሦስት በር አልፎ ስለሆነ ምሳዬን የምበላው እሷ ዘንድ ነው። ባሏ የጸሎት ቤቱ የመዘምራን መሪ ነበር፤ ሰፈሩ ሁሉ ዜመኛው ይለዋል። ሲዘምር አሮጊቶች እንባቸውን ይጠርጋሉ። ቤቱ ውስጥ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። እታለም የምትደነግጠው ዝቅ ሲያደርገው ነበር።

አንድ ቀን ለምሳ ስመጣ በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። እታለም የስፌት መኪናዋ ፊት ተቀምጣለች። ዜመኛው ከጎኗ ቆሞ የጨርቅ መለኪያዋን የሜትር እንጨት ይዟል። "ማን ፈቀደልሽ?" አላት በዚያ ዝቅ ባለ ድምፁ። ሳታስፈቅደው የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ልትሰፋ ሥራ ተቀብላ ኖሯል። እሷ መልስ ሳትሰጥ መኪናዋን እየዘወረች ቀጠለች። ያን ጊዜ በእንጨቱ ግራ ጆሮዋ ላይ መታት። መኪናው ቆመ። ዜመኛው ቀና ሲል በሩ ላይ አየኝና ፈገግ አለ። "ነይ ግቢ እንጂ" አለኝ፤ "ምሳሽ ቀርቧል።"

እታለም እጄን ይዛ ወጣች። ነጠላ ጫማዋ አንዱ መንገድ ላይ ቀረ፤ አልተመለሰችም። ከአንገቷ እስከ ትከሻዋ ደም ወርዶ ነበር። አባቴ በሩን ሲከፍት አያትና ብሩሹ ከእጁ ወደቀ። ጆሮዋን ራሱ አጠበላት። ሲያጥብ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ይህንን ደጋግሜ አስታውሳለሁ፤ ምክንያቱም ከሳምንት በኋላ ያ እጅ አልተንቀጠቀጠም።

እታለም አልጋዬ ላይ ከእኔ ጋር ማደር ጀመረች። በማግስቱም መንገዱን ተሻግራ ፍርድ ቤት ገባች። ሕጉ እንዲህ ነበር፦ ጸሎት ቤቱ ያሰረውን ትዳር ዳኛ የሚፈታው ጸሎት ቤቱ ሲፈቅድ ነው፤ ካልፈቀደ ደግሞ በዓይኑ ያየ ምስክር መጽሐፉ ላይ እጁን ጭኖ መናገር አለበት። ምስክሩ ሰባት ዓመት የሞላው ከሆነ ይበቃል። ይህን ሁሉ ያነበበችው በር ላይ ከተለጠፈው ወረቀት ነው። እኔ ስምንት ዓመቴ ነበር።

"ያየሽውን ብቻ ነው የምትናገሪው" አለችኝ፣ ለፍርድ ቤት የምለብሰውን ቀሚስ እየለካችልኝ። አፏ ውስጥ ስፒል ስለነበር ጥርሷን ነክሳ ነው የምታወራው። "አትጨምሪ፣ አትቀንሺ። 'ባሏ በሜትሩ እንጨት ጆሮዋን መታት፤ በሩ ላይ ቆሜ አየሁ።' በቃ።"

"ባሏ በሜትሩ እንጨት ጆሮዋን መታት፤ በሩ ላይ ቆሜ አየሁ" አልኩ።

"ጎበዝ የኔ ሙጫ።"

ከዚያ በኋላ እንደ መዝሙር በዜማ እያልኩት ቤቱን ዞርኩበት። አባቴ ከጠረጴዛው ቀና ብሎ፣ "በቃሽ" አለኝ። ሥራ የረበሽኩት መሰለኝ።

የጸሎት ቤቱ ሰባኪ ቤታችን የመጣው እታለም ለገበያ በወጣችበት ሰዓት ነው። ዛሬ አጋጣሚ ነበር አልልም። አባቴ ሻይ አቀረበለት። እኔ ከካርቶን ክምሩ ጀርባ ተቀምጬ ከወረቀት ቁርጥራጭ ሰዎች እሠራ ነበር።

"የእህትህ ቤት በልጅህ አፍ ይፈርሳል" አለ ሰባኪው።

መቀሴን አስቀመጥኩ።

"መምህር፣ ልጅቷ እኮ አይታለች" አለ አባቴ።

"ልጅ ብዙ ነገር ያያል።"

"ጆሮዋን እኔም አይቼዋለሁ። ያጠብኩት እኔ ነኝ።"

"ጆሮ ይድናል፤ የፈረሰ ቤት ግን አይድንም። ዛሬ አንዷ ባሏን ከስሳ ከወጣች ነገ የማን ቤት ይቆማል? ምእመናኑስ ይህ ነገር ከማን ቤት ወጣ ብለው ሲጠይቁ የትኛው ወንበር ላይ ልትቀመጥ ነው?"

አባቴ ሻይ ደግሞ ቀዳለት። ከዚያ፣ "መጽሐፉን ይዛ ትዋሽ ነው የሚሉኝ?" አለ። ድምፁ አነሰ። "እጇስ?"

"ቤት ለማዳን የተባለ ነገር ውሸት አይባልም። ደግሞ የታዘዘ ሰው አይጠየቅም። የሚጠየቀው ያዘዘው ነው።"

"እርስዎ ይጠየቁበታል?"

"እኔም የታዘዝኩት ነው" አለ ሰባኪው፣ ሻዩን ጨረስ አድርጎ።

አሁን ሳስበው እዚያ ክፍል ውስጥ የሚጠየቅ ሰው አልነበረም። ሰባኪው ታዟል፣ አባቴ ታዟል፣ ዳኛውም በበኩሉ ከፊተኛው ወንበር ላይ ሆኖ ይታዘዛል። ለመጠየቅ የቀረችው ከካርቶን ጀርባ የተቀመጠችው ብቻ ነበረች። ሰባኪው ሲወጣ አየኝና ራሴን ዳበስ አደረገኝ። "የአክስትሽ ቤት ምሰሶ አንቺ ነሽ እሺ" አለኝ። "አንድ ቃል ካመለጠሽ ይፈርሳል።"

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ ከእታለም ቤት ማዶ ቆሜ ግድግዳውን መረመርኩ። ከመስኮቱ ጥግ ጀምሮ እስከ መሬት የወረደ ስንጥቅ አገኘሁ። እንዴት እስከ ዛሬ እንዳላየሁት ገረመኝ። ጣሪያው መሃል ላይ ጎበጥ ያለም መሰለኝ። እታለም ደግሞ ነጋ ጠባ የምትለው፣ "ሄጄ መኪናዬን ማምጣቴ አይቀርም" ነበር። ገብታ መኪናዋን ስታነሳ እኔ ያችን ቃል ባወጣስ? ሮጬ ቤት ገባሁ።

"አባዬ፣ ከተናገርኩ እውነት የእታለም ቤት ይፈርሳል?"

ቆዳ እየቆረጠ ነበር። "ይፈርሳል።"

"ግድግዳው?"

መቁረጡን ቀጠለ።

"ጣሪያውም?"

ቢላዋውን አስቀመጠ። ምን እየጠየቅሁት እንደሆነ ያን ጊዜ ገብቶታል። መግባቱን ፊቱ ላይ አይቻለሁ፤ ያኔ የማየውን አላወቅሁትም እንጂ። አንድ ሳቅ፣ አንድ "ኧረ አንቺ ሞኝ፣ ትዳር ማለታቸው ነው" ይበቃኝ ነበር። ደጋግሜ ይቅር ልለው ሞክሬ ሁልጊዜ የምሰናከለው እዚህ ጋ ነው።

"ሁሉም" አለ አባቴ።

የመሐላው መጽሐፍ ወደ ቤታችን የመጣው በዚያው ሳምንት ነው። ጀርባው ተገንጥሎ ስለነበር ፍርድ ቤቱ ለጥገና ላከው። አባቴ ገጾቹን ከሽፋኑ ለይቶ በነጭ ጨርቅ ጠቀለላቸውና ከመደርደሪያው ሁሉ ከፍ ያለው ላይ አስቀመጠ። ከዚያ በዚያው መጠን ነጭ ወረቀት ቆረጠ፣ አጠፈ፣ በሰም ክር ሰፋ። እኔ አፌን ከፍቼ አየዋለሁ።

"ነይ ሙጫ" አለኝ። "ሙጫውን አንቺ ቀቢ።"

የፍርድ ቤት ሥራ ጫፉን እንኳ አስነክቶኝ አያውቅም ነበር። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ምላሴን አውጥቼ ከዳር እስከ ዳር ቀባሁ። ሽፋኑን ስንለጥፍ አውራ ጣቴ አዳልጦኝ የመጀመሪያው ነጭ ገጽ ላይ ታተመ። ልጠርገው ስል፣ "ተይው፤ ማንም አያየውም" አለ።

"አባዬ፣ ጽሑፉስ?"

"ይሄ ለጊዜው ነው።"

"ይሄ እጅ ያደርቃል?"

አባቴ ጎንበስ ብሎ ዓይኔን አየኝ። "ባዶ ወረቀት እጅ አያደርቅም" አለኝ ቀስ ብሎ፣ ትምህርት እንደሚያስጠና ሰው። "ገባሽ? ባዶ ወረቀት እጅ አያደርቅም። ይሄን የምናውቀው አንቺና እኔ ብቻ ነን።" ከዚያ የነሐሱን መቆለፊያ ቀጭ አድርጎ ዘጋው።

ነገሩን በልጅ ልቤ የፈታሁት እንዲህ ነው፦ ዜመኛው መቼም ይዋሻል፤ ከዋሸ እጁ ይደርቃል፤ አባቴ ደግሞ ደግ ስለሆነ እህቱን ለመታት ሰው እጅ እንኳ አዘነ። በአባቴ እንዲህ ኮርቼ አላውቅም።

የችሎቱ ክፍል ወለሉ በውኃ ታጥቦ ገና አልደረቀም ነበር። ሰባኪው ከዳኛው በስተቀኝ ወንበር ተሰጥቶታል። እታለም ራሷን እስከ ግራ ጆሮዋ ድረስ በሻርፕ ሸፍናለች። ዜመኛው ቀረበ፣ እጁን መጽሐፉ ላይ ጫነ፣ በዚያ በሚያምር ድምፁ ማለ። "ደረጃ ላይ ወድቃ ነው" አለ። እጁን አየሁት፤ ደህና ነው። ወደ አባቴ ዞሬ በምስጢር ፈገግ አልኩለት። አባቴ ጫማውን ያይ ነበር።

ከዚያ እኔ ተጠራሁ። መጽሐፉ ያለበት ጠረጴዛ ላይ ስላልደረስኩ ከእግሬ ሥር ሳጥን አስቀመጡልኝ።

"መጽሐፉ ላይ የዋሸ ምን እንደሚሆን ታውቂያለሽ?" አለኝ ዳኛው።

"እጁ ይደርቃል።"

ከኋላ "ጎሽ!" የሚል ሰማሁ። እጄን ጫንኩ። ቆዳው ቀዝቃዛ ነበር፤ ጥፍሬ ሥር የደረቀ ሙጫ ነበረኝ። እታለም ፊት ለፊቴ ተቀምጣ አፏን ያለ ድምፅ ታንቀሳቅሳለች፤ ቃሉ ከጠፋብኝ ልታስታውሰኝ ነው። አልጠፋብኝም።

"ባሏ…" ብዬ ጀመርኩ።

አባቴን አየሁት። ቀና ብሎ የችሎቱን ጣሪያ ያያል። አሁን ሲገባኝ ሰው ዓይኑን የሚያሳርፍበት ሲያጣ ወደ ላይ ያያል። ያኔ ግን ጣሪያውን እያስታወሰኝ መሰለኝ። ስንጥቁ፣ የጎበጠው ጣሪያ፣ መኪናዋን ልታነሳ የምታጎነብሰው እታለም ዓይኔ ላይ መጡ።

"ባሏ ምን?" አለ ዳኛው።

"አላየሁም።"

"ምንም አላየሽም?"

"ምንም።"

የእታለም አፍ መንቀሳቀሱን አቆመ። ዳኛው ከሰባኪው የተሰጠውን ወረቀት አነበበ፤ ፍርዱ ከእኔ በፊት ተጽፎ ኖሯል። ወደ ባሏ ትመለስ፣ ትታዘዝም ይላል። ስትወጣ አጠገቤ ቆመች። የሰፋችልኝ ቀሚስ ኮሌታ ተጣሞ ስለነበር አቃናችው። አላስቻለኝም፤ በጆሮዋ፣ "እታለም፣ ቤትሽ አይፈርስም!" አልኳት። ምስጋና እየጠበቅሁ ነበር።

የማታውቀው ቋንቋ የተናገርኳት ያህል አየችኝ። ከዚያ በራሴ ላይ አሻግራ ወንድሟን አየችው። ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ደጃችንን አልረገጠችም።

ከማግስቱ ጀምሮ አባቴ አዲስ ልማድ አመጣ። ጠዋት ጠዋት፣ "እስቲ ቀኝ እጅሽን አሳዪኝ" ይለኛል። መዳፌን ይዘረጋል፣ ጣቶቼን አንድ በአንድ ያጥፋል፣ ይለቃል። መታጠቤን የሚያረጋግጥ መስሎኝ በሳሙና እፈትገው ነበር። ትልቅ ሰው ሆኜ፣ አጠገቡ ቁጭ ብዬ መጽሐፍ እየጠረዝኩም ማየቱን አልተወም። ከስድስት ዓመት በፊት ሊሞት ሲል የመጨረሻ ያደረገው ነገር ይኸው ነው፤ እጄን ፈልጎ ይዞ ጣቶቼን አጠፈ። ብዙ ሰው አባቴን ያማዋል፤ ልጁን መጽሐፍ አስይዞ ያስዋሸ እምነት አልነበረውም ይላል። ባይኖረው ኖሮ ባዶ መጽሐፍ ባልሠራ። ያምን ነበር። የልጁን እጅ ከፈጣሪ አዳነና ልጁን ለሰባኪ ሰጠ። ሙጫውን ያስቀባኝም ሥራ ሊያስተምረኝ አልነበረም፤ እንዳልፈራ ነው።

ባለፈው ወር አንድ ወጣት የፍርድ ቤት ጸሐፊ በከረጢት አንድ መጽሐፍ ይዞ መጣ።

"ጀርባው ለቋል፣ እመቤቴ" አለኝ። "ችሎት ሳይጀመር ማክሰኞ ብናገኘው።"

አየሁት። ቆዳው እጅ በሚያርፍበት ቦታ ነጥቷል።

"ከፍታችሁት ታውቃላችሁ?"

"ኧረ! ለመሐላ ነው እንጂ ለንባብ መች ሆነ" ብሎ ሳቀ። "ቁልፉም ተጣብቆ አይከፈትም።"

ሲሄድ ቁልፉን በወስፌ ፈለቀቅሁት። ነጭ ነው። ዳር ዳሩ ቢጫ ከመሆኑ በቀር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነጭ ነው። "ለጊዜው" የተባለው ሠላሳ አንድ ዓመት አገልግሏል። ስንቷ ሚስት በዚህ ተመልሳለች፤ ስንቱ ታስሯል፤ ስንቱ ምስክር እጁ እንዳይደርቅ ፈርቶ እውነቱን ተናግሮበታል። በመጀመሪያው ገጽ ላይ የአንዲት ትንሽ ልጅ አውራ ጣት አለች። ሌላ የተጻፈበት ነገር የለም።

በዚያው ከረጢት ያዝኩትና እታለም ቤት ሄድኩ። ዜመኛው ከሞተ ቆይቷል፤ እሷ ግን እዚያው ቤት ናት። ስንጥቁ በሲሚንቶ ተደፍኗል፤ ጣሪያው እንደቆመ ነው። በሩን ስትከፍት ሳታውቀኝ ቀረች፤ ከዚያ እጆቼን አየችና፣ "ሙጫ" አለች።

መጽሐፉን የስፌት መኪናዋ ላይ አስቀመጥኩት። ከመክፈቷ በፊት እጇን በቀሚሷ ጠረገች። ገለጠች፤ ጣቷን እያረጠበች ደግማ ገለጠች።

"የአባዬ ሥራ ነው" አልኳት። ከዚያ እንደ ጎርፍ መጣብኝ፤ ሰባኪውን፣ ምሰሶውን፣ ነጩን ወረቀት ሁሉንም ነገርኳት። "አታለለኝ፣ እታለም። ቤቱ የምር የሚፈርስ መስሎኝ ነው። ጣሪያው ይወድቅብሻል ብዬ ነው።"

ሳቅ አመለጣት። ሳቋ መሃል ላይ ቆመ።

"ልጅ ሳለሁ" አለች፣ "ዝናብ ሲጥል ጣሪያው ይወድቃል ብዬ አለቅስ ነበር። ወንድም ጋሼ፣ 'እኔ እያለሁ አይወድቅም' ይለኝ ነበር።" መጽሐፉን ዘጋችው። "ባዶ ሆነ ሙሉ ሆነ ለእኔ ምኔ ነው? እኔ የጠራሁት መጽሐፉን መች ሆነ? አንቺን ነው።"

በግራዋ በኩል ተቀምጬ ነበር። የሜትሩ እንጨት እንደ ድሮው ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። እሱን እያየሁ፣ ቃል ሳልጨምር፣ ቃል ሳልቀንስ ተናገርኩት።

"ባሏ በሜትሩ እንጨት ጆሮዋን መታት፤ በሩ ላይ ቆሜ አየሁ።"

እታለም የመጽሐፉን ቁልፍ በጣቷ ትነካካ ነበር። ብዙ ጠበቅሁ። ከዚያ ዞር ብላ አፌን አየችና፣ "አንድ ነገር አልሽኝ እንዴ?" አለች። "በዚያ በኩል እኮ አይሰማኝም። ዞረሽ ንገሪኝ።"

ወንበሬን አንስቼ በቀኟ በኩል ዞርኩ።